ስትሮክ ነው በይ

በሩን ከፍተው ወደ ውስጥ ሲገፉኝ መጀመሪያ ያየሁት ፊት አልነበረም፤ እጅ ነው። አንዲት አሮጊት ከግድግዳው ሥር ተቀምጠው ሁለት ክንዳቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈዋል። እጆቻቸው ከአንጓው ላይ ታጥፈው ወደ መሬት ተንጠልጥለዋል፤ ፀሐይ የመታው የጎመን ቅጠል ይመስሉ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ደክሟቸው ነው ብሎ ያልፋል። እኔ ነርስ ነኝ፤ በዚያ ላይ ቅዳሜና እሑድ ጎንደር እየወረድሁ በአንድ የግል ኮሌጅ አናቶሚ አስተምር ነበር። ዐይኔ ጨለማውን ሳይለምድ፣ የራሴን ጉድ ትቼ፣ የሕመሙን ስም በልቤ ጠራሁት። ሙያ እንዲህ ያለ ክፉ አመል አለው።

ቤቱ ከደባርቅ ወጣ ብሎ ያለ የድሮ የእህል መጋዘን ነው። ወለሉ ላይ የገብስ ገለባ ቀርቷል፤ ግድግዳው የጆንያና የአይጥ ሽታ አለው። ከተራራው በኩል የሚነሣው ብርድ በቆርቆሮው ክፍተት እየገባ ቀንም አይለቅም። ብርሃን የሚገባው በበሩ ሥርና ጣሪያው ላይ ባሉት የሚስማር ቀዳዳዎች ነበር። ወንዶቹን በትልቁ ክፍል አጭቀዋቸዋል፤ ድምፃቸው ይሰማናል። ሴቶች እኔና አሮጊቷ ብቻ ነበርን።

እኔን የያዙኝ በዚያው ቀን ጠዋት ዳባት ላይ ነው። ለሥራ ስሰናዳ በሩ ተንኳኳ፤ ስከፍት መኪናቸው በሬ ላይ ቆሟል። በጥይት የተመታ ሰው ቤትሽ አክመሻል አሉኝ። ከለውጡ በፊት ባሉት በእነዚያ ዓመታት ቁስለኛ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይፈራ ነበር፤ እየመጣ የነርስ በር ያንኳኳል። አዎ አክሜያለሁ። ደም የሚፈሰው ሰው በሬ ላይ ሲቆም የማን ወገን ነህ ብዬ አልጠይቅም። ልጄን ለእህቴ አቅፌ ሰጥቻት ወጣሁ። ልጄ ገና ጡት አልጣለችም ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ሸሚዜ ከፊት ለፊቱ ረጠበ። ነጠላዬን ደረብሁበት።

«እማማ፣ እጅዎን ምን አገኘው?» አልኋቸው ከአጠገባቸው ተቀምጬ።

«ወለቀብኝ» አሉ። «ሁለቱም።»

ከጃናሞራ ነው የመጡት። ወጌሻ ናቸው። ያገሩን ስብራትና ውልቃት ሲጠግኑ ነው የኖሩት፤ እናታቸውም ወጌሻ ነበሩ። እግሩ የተሰበረ አንድ ሰው ጠግነሽ ሸኝተሻል፤ ማን ነው፣ ወዴት ሄደ ተብለው ተይዘዋል።

«አጥንቱን እንጂ መልኩን አላየሁትም አልኋቸው» አሉኝ።

«እውነት አላዩትም?»

ቀና ብለው አዩኝ። «አንቺስ የኔን መልክ አይተሻል? ኸገባሽ ጀምሮ እጄን ነው የምታዪ።»

ሳቅሁ። እዚያ ቤት ውስጥ እስቃለሁ ብዬ አላሰብሁም ነበር። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ የሚያስቡት ሌላ ነገር ነበር። እኔን ሲያዩ ሰው አገኘሁ፣ እጅ አገኘሁ ብለዋል። ገና የመጣሁበትን እንኳ ሳይጠይቁኝ እንዴት እንደምጠግናቸው ይነግሩኝ ጀመር።

«ጉልበትሽን ኸክርኔ ላይ አርጊ። ኸዚያ አንጓዬን በሁለት እጅሽ ያዢና ሌላ ወሬ አውሪኝ። ሳልጠብቅሽ ጎትቺ። ጮኽሁም አልጮኽሁም እንዳትለቂ። ግጥም ሲል በእጅሽ ይታወቅሻል።»

እንዲህ ነው የሚሠሩት። በሽተኛውን ስለ ከብቱ፣ ስለ አዝመራው እየጠየቁ ድንገት ይጎትታሉ። ብዙ ሰው በዚህ ድኖ አይቻለሁ፤ በዚሁ የባሰበትም አይቻለሁ። አንጓቸውን በጣቶቼ ዳሰስሁት። አላበጠም። አጥንቶቹ በየቦታቸው ናቸው። ቀና ሳደርገው ያለ ሕመም ቀና ይላል፤ ስለቀው መልሶ ይወድቃል።

«አልወለቀም፣ እማማ። ብጎትተው እጎዳዎታለሁ።»

«ተይ ልጄ፣ ውልቃት እኔ አላውቅም?»

ተቀይመዋል። እኔም ብሆን እቀየም ነበር። ዐይናቸውን እንዲጨፍኑ ለመንኋቸውና ከወለሉ ላይ አንድ የገለባ ሰበዝ አነሣሁ። የጣታቸውን ጫፍ ነካሁ። «ተሰማኝ» አሉ። መሀል እጃቸውን ነካሁ፤ ተሰማኝ አሉ። ከእጃቸው ጀርባ፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያለውን ቦታ ነካሁና ዝም አልሁ። እሳቸውም ዝም አሉ። ደግሜ ጫን አልሁት።

«ምነው ተውሽው?» አሉ።

«ዐይንዎን ይግለጡ።»

ገለጡ። ሰበዙ ቆዳቸው ላይ ቆሟል፤ እንዳልተሰማቸው አዩት። ያኔ ነው የፈሩት። እስከዚያ ድረስ የሚያውቁት ነገር ነበር የደረሰባቸው፤ አሁን የማያውቁት ሆነ።

እጅጌያቸውን ወደ ላይ ሰበሰብሁ። ከክርናቸው ከፍ ብሎ በሁለቱም ክንድ ዙሪያ ጠቁሮ ያበጠ መስመር አለ። ማታውን የፊጥኝ አስረው አሳድረዋቸዋል፤ ጠባቂው ሊፈታቸው የመጣው ወፍ ከተንጫጫ በኋላ ነው። ከነጠላዬ ጥለት አንድ ክር መዝዤ በራሴ ክንድ ላይ ከኋላ ወደ ፊት አዞርሁት። ነርቭ የሚባል ነገር አለ፣ ከማጅራት ተነሥቶ በብብት ይወርዳል፣ ከዚያ በክንድ አጥንት ጀርባ ተጠምዝዞ እንዲህ ያልፋል አልኋቸው። እጅን ቀና የሚያደርገው እሱ ነው፤ እዚህች ቦታ ላይ አጥንቱን ተደግፎ ስለሚያልፍ ከላይ የሚጫነው ሁሉ አጥንቱ ላይ ይጨፈልቀዋል። አጥንቱን ሁሜረስ፣ ነርቩን ራዲያል እንለዋለን አልሁ። ለምን ይህን ሁሉ እንደነገርኋቸው አላውቅም። ቃላቱን ስጠራ ትንሽ ተረጋጋሁ።

«እንግዲያ አጥንቴ ደኅና ነው?»

«ደኅና ነው።»

«ያ ክሩ ይመለሳል?»

«ይመለሳል። ቀስ ብሎ ነው። አንዳንዱ ደግሞ…»

«ላይመለስም ይችላል በይኛ።»

«ላይመለስም ይችላል።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ለስንት ሰው ይህንኑ ተናግረው ያውቁ ይሆናል። እጃቸውን ግን ማየት ተዉ፤ ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ። ከሰዓት በኋላ ውጭ ለመውጣት ሲፈቀድልን መቀነታቸውን መፍታት አልቻሉም። ፈታሁላቸው፣ መልሼም አሰርሁላቸው። ሴት ልጅ የሌላቸው እናት ናቸው፤ መቀነታቸውን ሰው ነክቶት አያውቅም። ስንመለስ ጥግ ይዘው አለቀሱ፤ እንባቸውንም መጥረግ አልቻሉም። እኔም ጠረግሁላቸው። ዝም ብዬ ባየው ይሻል እንደነበር እስካሁን አላወቅሁም።

ያን ዕለት ጫማዬን አወለቅሁ። ሲይዙኝ በቤት ነጠላ ጫማ ነበር የወጣሁት፤ ጠንካራ ላስቲክ ነው። አንዱን ከቀኝ ክንዳቸው ሥር፣ ሌላውን ከግራው ሥር አስገባሁ። ተረከዙ በኩል ክንዳቸው ላይ ይተኛል፣ ጣቱ በኩል መዳፋቸውን ቀና አድርጎ ይይዛል። ከነጠላዬ ጫፍ ቀድጄ ማሰር ስጀምር ወጌሻነታቸው ተመለሰ።

«ጠበቀ። ላላ አርጊው። ኸአንጓ አትጀምሪ፣ ኸላይ ጀምሪ። አሁን ጥፍሬን ጫኚው፤ ደሙ ቶሎ ይመለሳል?»

«ይመለሳል።»

«እንግዲያ ደኅና ነው። ሌሊት ደግመሽ እዪው። ስንቱ ወጌሻ በማጥበቅ እጅ አስቆርጧል።»

አንጓቸው ቀና ሲል ጣቶቻቸው መጨበጥ ቻሉ። ይህ በመጽሐፍ ያለ ነገር ነው፤ የሚጨብጡት ጅማቶች በሌላ ነርቭ ይታዘዛሉ፣ የጎደላቸው አንጓውን ቀና አድርጎ የሚይዝላቸው ብቻ ነው። ቂጣ ቆርሼ ሰጠኋቸው። ያዙት። ወደ አፋቸው ወሰዱት። አላመኑም፤ አንዴ አስቀምጠው መልሰው አነሡት። ከእኔ ተማሪዎች ማንም እንዲያ በትኩረት የተመለከተ የለም።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ሥራችን ስም መለዋወጥ ሆነ። እኔ የራሴን ገላ እየነካሁ የመጽሐፉን ስም እጠራለሁ፣ እሳቸው የራሳቸውን ይመልሳሉ። ፓቴላ ስል የጉልበት ሎሚ ይላሉ። ቲቢያ ስል ቅልጥም። ከአንገቴ ሥር ወደ ትከሻ የሚሄደውን ክላቪክል ስነካ ስም አላገኙለትም፤ «ልጅ ኸዛፍ ሲወድቅ የምትሰበረው» አሉ። ከአውራ ጣት ሥር ያለችውን ትንሽ አጥንት ስካፎይድ እንላታለን አልሁ። «ያቺ አታላይ!» አሉ። «የዳነች መስላ ትከርምና በዓመቱ ታገረሻለች።» ትክክል ነው፤ ደም የሚደርሳት በአንድ በኩል ብቻ ስለሆነ አትገጥምም፤ ይህን ስነግራቸው በጣም ደስ አላቸው። ስንት ዘመን የራሳቸው ጥፋት መስሏቸው ኖረዋል። ከጎን ካለው ክፍል አንድ ወንድ እያቃሰተ ስለነበር ድምፃችንን ከፍ አድርገን እናወራ ነበር።

መርማሪው ያስጠራኝ ፍርድ ቤት ልንቀርብ ዋዜማ ላይ ነው። ቀጭን፣ ትሑት፣ ጉንፋን የያዘው ሰው ነው። ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። ከማይጮህ ሰው ፊት መቀመጥ ከሚጮኸው ይልቅ ያስፈራል።

«ሲስተር፣ ልጅ አለሽ አይደል?»

«አለችኝ።»

«እንግዲያው እንግባባለን።» መሀረቡን አውጥቶ አፍንጫውን ጠረገ። «ነገ የምትቀርቡበት ዳኛ አዲስ ነው። የሴትዮዋን እጅ አይቶ ይጠይቃል። ሴትዮዋ አርጅተዋል፤ ደም ግፊት ነው። እናንተ ስትሮክ የምትሉት።»

«ስትሮክ አይደለም።»

«ዶክተር ነሽ?»

«ነርስ ነኝ።»

«እንግዲያው ስትሮክ ነው በይ። ካንቺ የሚጠበቀው እሱ ብቻ ነው። እሳቸውም በሕመም ወደ አገራቸው፣ አንቺም በዋስ ወደ ልጅሽ። ማን ይጎዳል?»

ወደ ክፍሌ ስመለስ ልቤ እሺ ብሎ ጨርሷል። እውነቱን ነው፤ ማን ይጎዳል? ሁለታችንም እንወጣለን። አንድ ቃል ናት፤ ሌላ አጥንት አትሰብርም። ልጄን ታቅፌ በዳባት አስፋልት ስሄድ ታየኝ። እማማን የምጠይቃቸው ለወጉ ያህል ነበር። የሚደሰቱ መስሎኝ ነበር።

«ስትሮክ ምን ማለት ነው?» አሉኝ።

«ጭንቅላት ውስጥ ደም ሲፈስ ወይም የደም ሥር ሲዘጋ ነው። ግማሽ አካል ይሰንፋል።»

«ሰው ያላመጣው?»

«ሰው ያላመጣው።»

«ኸእግዜር የመጣ።»

«እንዲያ ሊባል ይችላል።»

ሸሚዜ ረጥቦ ስለነበር ነጠላዬን አስተካክል ነበር።

«እኛ አገር ወጌሻ እጁ ኸሰነፈ ተቀሰፈ ነው የሚባል» አሉ። «አንድ ወጌሻ ነበር፣ ኸኛ ቀበሌ ማዶ። እጁ ሰነፈ። ምን በድሎ ነው አሉ። አንዱ ደሀ አስለቅሶ ነው አለ፣ አንዱ የሬሳ አጥንት ነክቶ ነው አለ። ልጁን ጠግንልኝ ብሎ የሚሰጠው ሰው አጣ። ያ ይሁን። ግን እሱ ጠግኖ ያዳናቸው ሰዎች፣ ቀጥ ብለው ሲሄዱ የነበሩት፣ ያነክሱ ጀመር። እግራቸው ምንም ሳይሆን። የተቀሰፈ እጅ የነካው ነው እያሉ።»

«እርስዎን እንዲህ አይሉዎትም።»

«ይሉኛል። እኔም እል ነበር።» እጆቻቸውን፣ ጫማዬን እንደታቀፉ፣ ወደ ብርሃኑ አነሡ። «እጄ ባይመለስ ኸቤቴ እቀመጣለሁ። በገመድ ያጣሁት ነው ኸተባለ፣ ሰውም ይፍረድ፣ እግዜርም ይፍረድ። ኸእግዜር ነው ኸተባለ ግን ያ ሁሉ የጠገንሁት ሰው ምን ይሁን?»

ወዲያው ደግሞ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺ ግን ጡትሽ እየፈሰሰ ነው። እኔ በይም አትበይም አልልሽም፣ ልጄ። ያንቺ ልጅ እኔን አታውቀኝም።»

እስኪነጋ ዐይኔ አልተከደነም። ተናደድሁባቸው። ያውም በጣም። እሳቸው ለሰው አፍ ብለው እኔን ከልጄ ያስቀሩኛል ብዬ ተናደድሁ፤ ከዚያ ደግሞ እኔ ራሴ ለልጄ ብዬ ስማቸውን ልሸጥ ነው ብዬ በራሴ ተናደድሁ። የማልናደድበት መርማሪው ብቻ ሆነ። እሱ ሥራውን ሠርቶ ተኝቷል።

ጠዋት መርማሪው በሩ ላይ ቆሞ ጫማዎቹን ሲያይ ፊቱን አጨማደደ። «ይሄን ቀልድ አውልቂላቸው» አለኝ። ፈታሁ። እጆቻቸው ወዲያው ወደቁ። ጫማዬን አድርጌ ወጣሁ።

ጉም ነበር። ፍርድ ቤቱ ጠባብ አዳራሽ ነው፤ ሁላችንም ስንተነፍስ እንፋሎት ይወጣል። የኋላ ወንበሮቹ በገበሬ ተሞልተዋል፤ ከጃናሞራ ሌሊቱን ሲጓዙ አድረው የመጡ የእማማ አገር ሰዎች ናቸው። ዱላቸውን በር ላይ ተቀብለዋቸዋል፤ ያለ ዱላ እጃቸውን የት እንደሚያኖሩት ጠፍቷቸዋል። እማማ ሲገቡ ሁሉም ተነሡ። ዐይናቸው መጀመሪያ ያረፈው እጆቻቸው ላይ ነው። አንዷ ሴት አፏን በነጠላዋ ያዘች። አንድ ሽማግሌ አማተቡ። ያ ማማተብ ምን ማለት እንደሆነ ሌሊቱን ተነግሮኛል፤ እማማም አይተውታል።

ዳኛው ወጣት ነው፤ ካፖርቱን እንደለበሰ ተቀምጧል። መርማሪው ለምርመራ ተጨማሪ ቀን እንዲሰጠው ጠየቀ። ዳኛው እማማን ሲያይ ቆየና «እጃቸው ምን ሆኖ ነው?» አለ።

«በሽተኛ ናቸው፣ ክቡር ፍርድ ቤት። ስትሮክ ነው። አብራቸው ያለችው ሲስተር አይታቸዋለች፤ እሷ ታስረዳ።»

ተነሣሁ። አፌን ስከፍት የወጣው «ባይላተራል ራዲያል ነርቭ ፓልሲ» የሚል ነበር። ፈርቼ ነው። ሰው ሲፈራ የሚሸሸግበት አለው፤ እኔ የምሸሸገው በእንደዚህ ያሉ ቃላት ውስጥ ነው። ጸሐፊዋ ብዕሯን አንሥታ ቀረች። መርማሪው ያልሁት ስትሮክ መስሎት ራሱን ነቀነቀ። እዚያ ላይ ብቆም ኖሮ ማንም ምንም አያውቅም ነበር።

«ሰው በሚገባው ይናገሩ» አለ ዳኛው።

ክንዴን አነሣሁና ቦታውን በጣቴ አሳየሁ። «እጅን ቀና የሚያደርግ ነርቭ እዚህ፣ በአጥንቱ ጀርባ ያልፋል» አልሁ። «እዚህ ላይ ገመድ ጠብቆ ሲያድር ይጨፈለቃል። ስትሮክ አይደለም። ስትሮክ ቢሆን ፊታቸው ይጣመም ነበር፣ ንግግራቸው ይያዝ ነበር፣ ወይም አንድ እግር ይከዳቸው ነበር። በእግራቸው ነው የመጡት። የሰነፈው ሁለት እጅ ነው፣ ባንድ ሌሊት፣ እኩል፣ ገመዱ ካለፈበት በታች። የገመድ ነው። ከእግዚአብሔር የመጣ አይደለም።»

የመጨረሻውን ቃል ዳኛው አልጠየቀኝም ነበር። ድምፄም ወደ እሱ አልሄደም፤ ወደ ኋላ ወንበሮች ነው የሄደው።

«ሐኪም አይደለችም፣ ክቡር ፍርድ ቤት» አለ መርማሪው።

«አይታቸዋለች፣ ታስረዳ ያሉት እርስዎ ነዎት» አለ ዳኛው። እማማን እጅጌያቸውን እንዲሰበስቡ አዘዛቸው። አልቻሉም። እኔ ሰበሰብሁላቸው። መስመሩ አሁን ወደ ቢጫ ዞሮ ነበር፤ ከኋላ ወንበርም ይታያል። ዳኛው ወደ ጠረጴዛው አቀረቀረ። ካፖርቱ ውስጥ እያነሰ ሄደ። ከዚያ የተጠየቀው ጊዜ እንደተፈቀደና ታሳሪዋ ሕክምና እንዲያገኙ ተናገረ። ሕክምናው አልተሰጠም። ስለ እኔ ዋስ ማንም አላነሣም፤ መርማሪው ዶሴውን አጥፎ ወጣ።

ወደ መኪናው ሲወስዱን ሰዎቹ ግቢው ውስጥ በግራና በቀኝ ቆመው ነበር። አንድ ጎልማሳ ገበሬ ከመሀላቸው ወጣ፤ ሰፊ ሰውየ ነው፣ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጥሏል። ፖሊሱ በክርኑ ከለከለው። ሰውየው አልገፋም፣ አልተመለሰም። ግራ እጁን እስከ ክርኑ ገልጦ ወደ እማማ ዘረጋ።

«እማማ፣ ይችን እጄን ይዩልኝ» አለ። «ኸወደቅሁ ወዲህ ታመኛለች።»

ፖሊሱም የአገር ልጅ ነው፤ ወዲያ ወዲህ አየና ክርኑን አወረደ።

እማማ እጃቸውን ዘርግተው ሊይዙት ሞከሩ፤ አንጓቸው ወደቀ። ሁሉም ሰው አየ። እኔ ከኋላቸው ቆምሁና ሁለት እጆቼን ከአንጓቸው ሥር አግብቼ ቀና አደረግሁላቸው። ጫማው የሠራውን ሥራ እጄ ሠራው። ያኔ ጣቶቻቸው ተዘጉ፤ የሰውየውን ክንድ ያዙ። ከክርኑ ጀምረው ወደ ታች ወረዱ፣ አውራ ጣቱ ሥር ደርሰው ቆሙ፣ ጫን አሉ፣ ጆሯቸውን ወደ እጁ አዘነበሉ። በእጄ ላይ ክብደታቸው ይሰማኛል። አልቸኮሉም። አዝመራው እንዴት እንደሆነ ጠየቁት፤ ደኅና ነው አላቸው።

እኔም የሰውየውን ክንድ አየሁ። አላበጠም፣ አልጠቆረም፣ ሲጫኑት ፊቱ አልተለወጠም። ምንም አልሆነም ነበር። ወድቆም አያውቅ ይሆናል። እሳቸው ደግሞ ከእኔ ቀድመው በጣታቸው አውቀውታል።

«ስብራት የለህም» አሉ፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ውልቃትም የለህም። ጤና ነህ፣ ልጄ።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለና ጎንበስ ብሎ ጣቶቻቸውን ሳመ። አማትበው የነበሩት ሽማግሌ ተከትለው መጥተው ጉልበታቸውን እንዲያዩላቸው ሊጠይቁ ሲሉ መርማሪው ጮኸ። ሲጮህ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው።

መጋዘኑ ስንደርስ ለያዩን። ከዚያ በኋላ የደረሰብኝን እዚህ አልጽፈውም፤ ለብቻው ወሬ ነው፣ የሚያኮራ ነገርም የለውም። ወደ ቤቴ ስመለስ ልጄ ጡት ረስታ አገኘኋት። ልታጠቢያት ሞከርሽ ወይ ብትሉኝ አዎ፣ ሞከርሁ፤ ፊቷን አዞረች፣ ወደ እህቴ ሄደች። ይህን በማንም ላይ አላሳበብሁም፤ ግን ከሁሉ የሚከብደኝ እሱ ነው። አሁን አድጋለች፣ ጎበዝ ናት፣ ስለዚያ ጊዜ ስነግራት ታዝናለች እንጂ አታስታውስም።

እማማም ከእኔ በኋላ ተፈትተዋል። ቀኝ እጃቸው በክረምቱ ተመለሰ። ግራው አልተመለሰም። ሰው ግን ልጁን ይዞ መምጣቱን አላቋረጠም፤ ሲጠግኑ ምራታቸው ከጎናቸው ተቀምጣ የግራ አንጓቸውን ቀና አድርጋ ትይዝላቸዋለች አሉኝ። ይህን የነገረኝ ከዚያው አገር የመጣ ተማሪዬ ነው፤ ክላቪክሉን እሳቸው ናቸው የጠገኑት። በእጄ ዳሰስሁለት። ቀጥ ብሎ ገጥሟል።

አሁን የማስተምረው ሙሉ ጊዜዬን ነው። የክንድ ነርቮች ትምህርት ላይ ስንደርስ ተማሪዎቼ አንዱ የሌላውን ክንድ ይዞ ነርቩ የሚያልፍበትን ቦታ እንዲፈልግ አደርጋለሁ። ይስቃሉ፣ ይኮረኩራሉ። ከዚያ የጉዳቱን መንስኤዎች ሰሌዳው ላይ እጽፋለሁ። መጽሐፉ የአጥንት ስብራት ይላል፤ የክራንች ጫና ይላል፤ ሰክሮ በክንድ ላይ ተኝቶ ማደር ይላል። ከእነዚህ በታች እኔ ገመድ ብዬ እጨምራለሁ። አንዳንዱ መጽሐፉን ገልጦ ያመሳክርና እዚህ የለም፣ ቲቸር ይለኛል። የለም፣ ጻፉት እላቸዋለሁ፤ ይጽፋሉ።